ላንድክሩዘሩ ናፍጣውን የት ጣለው?

ሳንታ ክላራና ሳን ሆዜ የሚዋሰኑበት የስቲቨንስ ክሪክ ጎዳና የመኪና ነጋዴዎች ሰፈር ነው። አገር ቤት ሳለ የመስክ መኪና በተባለ ቁጥር የናፍጣ ሞተር ድምፅ ጆሮው ላይ የሚመጣበት ኢትዮጵያዊ እዚያ ጎራ ብሎ «ናፍጣ የሆነ አዲስ ላንድክሩዘር አላችሁ?» ቢል መልሱ አጭር ነው፦ የለም። ጎረቤት ያለው መሸጫም የለውም፤ በመላው አሜሪካም አይሸጥም። ቶዮታ ከ2021 ሞዴል በኋላ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካ ገበያ ያወጣውን ላንድክሩዘር በ2024 ሲመልሰው ኮፈኑ ሥር ያስገባው ባለ 2.4 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ተጣምሮ 326 የፈረስ ጉልበት ያወጣል።

ይኸው ኩባንያ ግን ለአፍሪካ፣ ለአውስትራሊያና ለመካከለኛው ምሥራቅ የናፍጣ ላንድክሩዘር መሥራቱን አላቆመም። አንድ አምራች ለአንዱ አገር ናፍጣ፣ ለሌላው ቤንዚን የሚያቀርበው ለምን እንደሆነ የገባው ቤተሰብ የትኛውን መግዛት እንዳለበት ለመወሰን ብዙም አይቸገርም።

«ናፍጣ ግዛ» የሚለው ምክር በሳን ሆዜም ሆነ በኦክላንድ ቡና በተፈላበት፣ ክርስትና በተነሣበት ቤት ሁሉ ይሰማል። መካሪዎቹ ሦስት ምክንያት አላቸው፤ አይሰበርም፣ ነዳጅ አይበላም፣ አቀበት አይበግረውም። አንዱም ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሦስቱም እውነት የሆኑት በሌላ መንገድ ላይ፣ በሌላ ዓይነት ሞተር ነው።

ሁለቱ ሞተሮች የሚለያዩት ነዳጁን በሚያቀጣጥሉበት ዘዴ ነው። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 መልክ ያስያዘው የቤንዚን ሞተር አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ያምቅና በካንዴላ ብልጭታ ያነድደዋል። ሌላው ጀርመናዊ ሩዶልፍ ዲዝል በ1890ዎቹ የሠራው ሞተር ለማቀጣጠል ካንዴላ አያስፈልገውም። የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። የናፍጣ ሞተር የሚሠራው በዚሁ ግለት ነው፤ ወደ ሲሊንደሩ የገባውን አየር ብቻውን ከ15 እስከ 20 እጥፍ አምቆ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግለዋል። ናፍጣው በዚያ አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ጊዜ ይነድዳል። የቤንዚን ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚያምቀው ከ10 እስከ 13 እጥፍ ነው።

ሌላው ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። እንዲህ ያለውን ግፊት የሚችል ሞተር ወፍራምና ከባድ ብረት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ብዙ የሚያምቅ ሞተር ከሚነድደው ነዳጅ ብዙ ሥራ ያወጣል። በዚያ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚበልጥ ኃይል በውስጡ ይዟል። ሞተሩ ገና ቀስ ብሎ ሲዞር የመጎተት ጉልበቱ ሙሉ መሆኑም ለጭነትና ለጭቃ የተፈጠረ ያስመስለዋል።

በኢትዮጵያ የመስክ መኪና ታሪክ ውስጥ ይህን ስም ያተረፈው 1ኤችዜድ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ነው። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው። ከ1990 ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የተገጠመው ይህ ሞተር የእርዳታ ድርጅቶችን፣ የጤና ቢሮዎችንና የመንገድ ሥራ ተቋራጮችን መኪና ሲያንቀሳቅስ ኖሯል። ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ቢሆን ነው፤ በዛሬው መለኪያ ከአንድ ትንሽ የከተማ መኪና ብዙም አይበልጥም። ሰው የወደደው ለፍጥነቱ አይደለም። ኮምፒውተር ስለሌለው ከመንገድ ዳር ጋራዥ ያለ መካኒክ በመፍቻ ይፈታዋል፤ ከበርሜል የተቀዳ፣ በጥራቱ የማይታመን ናፍጣም ይታገሣል። በዚያ ላይ በአገሪቱ ማደያዎች ናፍጣ ለብዙ ዓመታት ከቤንዚን በርካሽ ሲሸጥ ቆይቷል።

ያም ሆኖ ሞተሩ እንከን የለሽ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ አሮጌ ናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ የሚተፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፖምፓው የለመደውን ያህል ናፍጣ ይረጫል፣ የሚያነድደው አየር ግን አይበቃም። ያልነደደው ካርቦን ጥቀርሻ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ከኋላ ያለው እግረኛ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ያደርጋል።

ካሊፎርኒያ በናፍጣ ላይ ፊቷን ያዞረችው በዚህ ጥቀርሻ ነው።

ግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርዷን (በአጭሩ ካርብ የሚባለውን) ያቋቋመችው በ1967 ነው። ቦርዱ በ1998 የናፍጣ ጥቀርሻን በመርዛማ የአየር በካይነት መዘገበ፤ በ2012 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል አረጋገጠ። የቤይ ኤሪያ ነዋሪ ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። በኦክላንድ ኮረብታ ግርጌ በሚያልፈው 580 አውራ ጎዳና ላይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከ4.5 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና እንዳያልፍ ተከልክሏል። ወደ ኦክላንድ ወደብ የሚገባውና የሚወጣው ከባድ ጭነት አብዛኛው እንግዲህ በ880 መንገድ፣ ቤታቸው ርካሽ በሆነ፣ ስደተኛና ጥቁር አሜሪካዊ በሚበዛባቸው ሰፈሮች ጎን ይተምማል። የምዕራብ ኦክላንድ ሕፃናት የአስም ችግር በከተማዋ የጤና ሪፖርቶች ላይ ሲነሳ የኖረ ጉዳይ ነው። እዚያ ያደገ ልጅ «ናፍጣ» ሲባል ትዝ የሚለው የአባቱ የመስክ መኪና ሳይሆን የመተንፈሻ መድኃኒቱ ቢሆን አይፈረድበትም።

ስለዚህ ደንቡ ጠበቀ። ከ2004 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በካሊፎርኒያ አዲስ የናፍጣ የቤት መኪና መሸጥ እስከማይቻል ደርሶ ነበር። በ2006 በመላ አገሪቱ የናፍጣው ድኝ ከአንድ ሚሊዮን 15 እጅ እንዳይበልጥ ሲደረግ በሩ እንደገና ተከፈተ፤ ድኙ ሲቀንስ ጭሱን የሚያጣሩ መሣሪያዎችን መግጠም ስለሚቻል ነው። ዛሬ በአሜሪካ የሚሸጥ የናፍጣ የቤተሰብ መኪና ከ1ኤችዜድ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ናፍጣውን 2,000 ባር በሚደርስ ግፊት የሚረጭ ፖምፓ፣ ጭሱን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቧንቧ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ለማክሸፍ ዩሪያ የሚረጭ ራሱን የቻለ ታንከር፣ ማርሚታው ላይ ደግሞ የጥቀርሻ ማጣሪያ ተገጥሞለታል።

ነገሩ የሚበላሸውም የሚሠምረውም በዚህ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ጥቀርሻውን ያግተዋል እንጂ አያጠፋውም። ሲሞላ ራሱን የሚያጸዳው ያጠራቀመውን በማቃጠል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ወደ 600 ዲግሪ የሚጠጋ ግለት ያሻል። ግለቱ የሚገኘው መኪናው ረዘም ላለ ጊዜ ሳያቋርጥ በአውራ ጎዳና ሲነዳ ነው። አሁን አንድ የሳንታ ክላራ እናት የምትውልበትን እንመልከት። ጠዋት ልጆቹን ሁለት ማይል ርቆ ወዳለው ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ከዚያ ሦስት ማይል ወደ ሥራ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቅ፣ ወደ ኳስ ልምምድ፣ ወደ ቤት። በየመካከሉ ሞተሩ ይጠፋል። ማጣሪያው ማቃጠል ሲጀምር ቁልፉ ይዞራል። በሳምንታት ውስጥ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ቸል ከተባለ ሞተሩ ጉልበቱን በራሱ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ያለው ጋራዥ ነው። ማጣሪያ ማስለወጥ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ ይችላል። የናፍጣ መኪና በዚህ ከተማ የሚታመመው በአቀበት ሳይሆን በአጭር መንገድ ነው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። የቤንዚን ሞተር ቶሎ ይሞቃል፣ መቆምና መነሣት አያስከፋውም። ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር የተጣመረው፣ ሃይብሪድ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የሚባክነውን ኃይል ወደ ባትሪ ስለሚመልስ የትራፊክ መጨናነቅ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። 101 እና 880 መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚቆም ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ገንዘቡስ? የናፍጣ ደጋፊዎች ትልቁ መከራከሪያ ይህ ስለሆነ በቁጥር ማየት ይበጃል። ሰባት ሰው ከሚጭኑ ትልልቅ የቤተሰብ መኪኖች መካከል በአሜሪካ ናፍጣ የቀረላቸው ቼቭሮሌት ታሆ፣ ሰበርባንና የጂኤምሲ ዩኮን ዘመዶቻቸው ናቸው፤ ከ2021 ጀምሮ ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በምርጫ ይቀርብላቸዋል። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ታሆ በመንግሥት መለኪያ ከተማና አውራ ጎዳና ተደምሮ በአንድ ጋሎን ናፍጣ 22 ማይል ይሄዳል። 5.3 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለው ወንድሙ 17 ወይም 18 ማይል ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አንድ ቤተሰብ በዓመት 12,000 ማይል ቢነዳ፣ ለስሌት ያህል ቤንዚን በጋሎን 4.80፣ ናፍጣ 5.20 ዶላር ቢሆን፣ የቤንዚኑ ታሆ (በ17 ማይል ሲሰላ) ወደ 3,390፣ የናፍጣው 2,840 ዶላር ገደማ ይበላል። በዓመት 550 ዶላር ተረፈ። ከዚህ ላይ ግን የዩሪያው ዋጋ ይቀነሳል። በዚህ ሞተር ቀደምት ሞዴሎች የዘይት ፖምፓውን የሚያዞረው ቀበቶ በ150,000 ማይል ይለወጣል፤ ቀበቶው የተቀመጠው ከሞተሩ ኋላ በመሆኑ ለመድረስ ካምቢዮው መውረድ አለበት። ያገለገለ የናፍጣ ታሆ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሻጩን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህን ነው።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳው፣ ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው የቶዮታ ሃይላንደር ሃይብሪድ በጋሎን ቤንዚን 35 ማይል ይሄዳል። በዚያው ዋጋና ርቀት የዓመት ወጪው 1,650 ዶላር ነው፤ ከናፍጣው ታሆ ወደ 1,200 ዶላር ያንሳል። አነስ ያለው ራቭ4 ሃይብሪድ (እስከ 2025 ሞዴል ያለው) ከ39 እስከ 40 ማይል ስለሚሄድ ከዚህም ይወርዳል። መኪኖቹ እኩያ አይደሉም ይባል ይሆናል፤ አዎን፣ ታሆ ግዙፍ ነው። ነገር ግን አራት ልጅ የሌለው፣ ጀልባ የማይጎትት ቤተሰብ ግዙፉን ለምን ፈለገው የሚለው ጥያቄ ከሞተሩ ጥያቄ ይቀድማል።

ናፍጣ በካሊፎርኒያ ብዙ ጊዜ ከቤንዚን የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ግብር ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ከአንድ ጋሎን ቤንዚን 18.4 ሳንቲም፣ ከናፍጣ 24.4 ሳንቲም ይወስዳል። አውሮፓ ለረጅም ዘመን ከዚህ በተቃራኒ ናፍጣን በግብር ሲደጉም ስለኖረ የአውሮፓ ቤተሰብ ናፍጣ ለመደ። ከጣሊያን ወይም ከጀርመን ዞሮ ካሊፎርኒያ የገባ ኢትዮጵያዊ ምክሩን ከዚያም ይዞት ሊመጣ ይችላል።

የአውሮፓ ናፍጣ ወደ አሜሪካ ሲሻገር የገጠመው ውርደት የተፈጸመውም እዚሁ አጠገብ፣ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሦስት የናፍጣ መኪኖችን በካሊፎርኒያ መንገዶች ላይ ጭሳቸውን እየለኩ ነዱ። ሁለቱ የቮልስዋገን መኪኖች ከተፈቀደው እጅግ የበለጠ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሲተፉ ተገኙ። ካርብ ነገሩን ይዞ ተከታተለ፤ መስከረም 18 ቀን 2015 በፈረንጆቹ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ክሱን ይፋ አደረገ። ኩባንያው በምርመራ ላይ ሲሆን ብቻ ጭሱን የሚያጸዳ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ የሚተወው ፕሮግራም ሞተሩ ውስጥ ጭኖ ኖሯል። ብክለቱ እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ነገሩ ነካቸው። ዳኛ ቻርልስ ብሬየር በጥቅምት 2016 ያጸደቁት ስምምነት 14.7 ቢሊዮን ዶላር ድረስ የሚገመት ነበር።

የቤተሰብ መኪና ገዢን በቀጥታ የሚመለከተው ቀጥሎ የመጣው ነው። የቮልስዋገን ኩባንያ ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተርም ተመሳሳይ ችግር እንዳለበት ታወቀ፤ እርሱ የሚገኘው በቮልስዋገን ቱአሬግ፣ በአውዲ ኪው 7፣ በፖርሽ ካየንና በሌሎችም ላይ ነበር፤ ከ80,000 በላይ መኪኖች። በ2017 ተራው የጂፕ ግራንድ ቼሮኪ ኢኮዲዝል ሆነ፤ ከራም ፒክአፕ ጋር 104,000 ያህል መኪኖች። በ2020 መርሰዲስ ቤንዝ ወደ 250,000 የሚጠጉ የናፍጣ መኪኖቹን በተመለከተ ከመንግሥት ጋር ተስማማ። ዛሬ ባገለገሉ መኪኖች ገበያ በርካሽ የሚታዩት የናፍጣ የቤተሰብ መኪኖች አብዛኞቹ ከዚህ ዝርዝር የወጡ ናቸው። ብዙዎቹ ተስተካክለዋል፤ አንዳንዶቹ አልተስተካከሉም።

ለፍርድ ያህል አንድ ነገር መታከል አለበት። በዌስት ቨርጂኒያው ሙከራ ሦስተኛው መኪና የቢኤምደብሊው ኤክስ 5 የናፍጣ የቤተሰብ መኪና ነበር፤ በአብዛኛው መንገድ ላይ ሕጉን አክብሮ ተገኘ። ናፍጣ ንጹሕ ሊሆን አይችልም የሚለው ወሬ እንግዲህ እውነት አይደለም። ንጽሕናው ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

የጭስ ምርመራውም ልዩነት አለው። በካሊፎርኒያ ስሞግ ቼክ የሚባለው ምርመራ ለቤንዚንና ለሃይብሪድ መኪኖች የመጀመሪያዎቹን ስምንት የሞዴል ዓመታት አይጠየቅም፤ 1998 እና ከዚያ ወዲህ የተሠሩ የናፍጣ መኪኖች ግን ይህ ምሕረት የላቸውም። ከሌላ ግዛት ርካሽ አዲስ መኪና አምጥቶ ቦሎ ለማውጣት ያሰበም ይጠንቀቅ። የካሊፎርኒያ ማረጋገጫ የሌለው፣ ከ7,500 ማይል በታች የተነዳ መኪና በነዋሪ ስም አይመዘገብም፤ ናፍጣም ይሁን ቤንዚን።

ታሆ ሐይቅ ሲነሣ ደግሞ (መኪናው ስሙን የወሰደው ከሐይቁ ነው) ክርክሩ ወደ በረዶ ይዞራል። የሳንታ ክላራ ቤተሰብ ልጆቹን በረዶ ሊያሳይ በ80 መንገድ ሲወጣ የሚያልፈው የዶነር ሰሚት ከፍታ 2,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጥቂት ዝቅ ይላል። እዚያ ላይ መኪና አሳላፊው ተቆጣጣሪ ሞተሩ ምን እንደሚጠጣ አይጠይቅም። የሚያየው ጎማውን ነው። አር 2 የሚባለው ትእዛዝ በወጣ ጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ አራቱም ጎማው የበረዶ የሆነ መኪና ሰንሰለት ሳያስር ያልፋል፤ ሰንሰለቱን ግን ይዞ መገኘት አለበት። አር 3 ከወጣ ማንም ያለ ሰንሰለት አያልፍም። ስለዚህ ለናፍጣ ሞተር የሚወጣው ትርፍ ገንዘብ ጥሩ ጎማ ላይ ቢውል ይሻላል። ናፍጣ ያለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ በከባድ ብርድ ናፍጣ ሰም ያበጃል፣ ማጣሪያውንም ይደፍናል። በሞቃታማው ሸለቆ ታንከሩን ሞልቶ ተራራ ላይ ሌሊቱን ያቆመ ሰው ጠዋት ሞተሩ እንቢ ሊለው ይችላል። የሚያዋጣው ተራራው ላይ ለክረምት የተዘጋጀውን ናፍጣ መቅዳት ነው።

ማደያው ላይም ጥንቃቄ ያሻል። በአሜሪካ የናፍጣው ቧንቧ እጀታ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ሆኖም አንዳንድ ማደያ ቤንዚኑንም አረንጓዴ ያደርገዋል። የናፍጣው አፍ ሰፊ ስለሆነ ወደ ቤንዚን መኪና አይገባም፤ የቤንዚኑ ቀጭን አፍ ግን በናፍጣ መኪና ሰተት ብሎ ይገባል። ባልና ሚስት ሁለት ዓይነት መኪና የሚነዱበት ቤት ውስጥ ይህ ስሕተት ሩቅ አይደለም። ናፍጣው ቤንዚን ከገባበት ሞተሩን አለማስነሣት፣ ጎትቶ ማስወሰድ ነው። ከተነሣ ፖምፓው ያልቃል።

ታዲያ ናፍጣ ለማን ነው? ተሳቢ ለሚጎትት፣ በየሳምንቱ ረጅም መንገድ ለሚሄድ። ሳን ሆዜ ነዋሪ ሆኖ ሎስ አንጀለስ ንግድ ያለው፣ 5 መንገድን ይዞ 340 ማይል ሳያቋርጥ የሚነዳ ሰው ማጣሪያው መቼም አይደፈንበትም፤ በአንድ ታንከር ደርሶ ግማሽ መንገድ ይመለሳል። ከባድ ተሳቢ ይዞ የቴሆን ፓስን አቀበት ለሚወጣም የናፍጣው ጉልበት ደስ ይላል። የአሜሪካው የቤንዚን ላንድክሩዘር እስከ 6,000 ፓውንድ፣ የናፍጣው ታሆ ከ8,000 ፓውንድ በላይ ይጎትታሉ፤ ራቭ4 ሃይብሪድ ግን እስከ 2025 ሞዴል ድረስ 1,750 ፓውንድ ብቻ ነበር። ካሊፎርኒያ ለናፍጣ ነጂ ያቆየችለት ሌላም በጎ ነገር አለ። ከሳንታ ክላራ በስተሰሜን ሮዲዮና ማርቲኔዝ ላይ የነበሩ ሁለት ድፍድፍ ዘይት ማጣሪያዎች ከአትክልት ዘይትና ከእንስሳት ስብ ናፍጣ ወደ መሥራት ተለውጠዋል፤ በግዛቲቱ የሚቃጠለው ናፍጣ ከግማሽ በላይ እንዲህ ያለው ሆኗል። ምንም ለውጥ ሳያስፈልገው በማንኛውም የናፍጣ ሞተር ይሠራል።

ለዓመታት «ተጠቅሜበት አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚል ስሌት የነበራቸው ገዢዎችም ሂሳባቸውን መለወጥ አለባቸው። በ2024 መጀመሪያ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መከልከሉን ይፋ አድርገዋል። ከዚያ በፊትም በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ክፉኛ አስወድዶ ነበር። ናፍጣም ሆነ ቤንዚን፣ ዛሬ ሳንታ ክላራ የተገዛ የነዳጅ የቤት መኪና የሚያረጀው ሳንታ ክላራ ነው። ጋራዥ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ሦስተኛውን መንገድ፣ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነውን ቢያስብ አይከፋም፤ የከተማዋ የራሷ የመብራት አገልግሎት ሲሊከን ቫሊ ፓወር የሚያስከፍለው ከጎረቤቱ ፒጂ ኤንድ ኢ ያነሰ ነው። ኪራይ ቤት ላለና መሙያ ለሌለው ግን ይህ ለጊዜው ምኞት ነው።

ፍርዱ እንግዲህ አይከብድም። በዓመት ከ15,000 ማይል በታች፣ አብዛኛውን በከተማ ውስጥ የሚነዳ የሳንታ ክላራ ቤተሰብ የቤንዚን ሃይብሪዱን ይግዛ። ናፍጣ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ አዲስ ወይም ታሪኩ የታወቀ ይግዛ። ያገለገለ የናፍጣ መኪና አይታችሁ ዋጋው ከጣማችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። የሻሲ ቁጥሩን ወስዳችሁ በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ የፋብሪካ የጥገና ጥሪ እንዳለበት ተመልከቱ፤ የጭስ ምርመራ ታሪኩን ደግሞ የካሊፎርኒያ የመኪና ጥገና ቢሮ በታርጋ ቁጥር በነጻ ያሳያችኋል። የጭሱ ማስተካከያ ተሠርቶለት እንደሆነም ሻጩን ደረሰኝ ጠይቁት፤ ደረሰኝ ከሌለው መኪናውን ተዉት።